የመክተብ ቤት

የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤቴ ከቤት ሆኜ እንድሠራ ሲፈቅድልኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኮምፒውተር ስብሰባ ሲኖር የምቀመጥበት ጸጥ ያለ ቦታ። አሶሳ ያለው የአባቴ ቤት ሁለት ክፍል ነው። አንዱ የአባቴ መኝታ ነው፣ ሌላው የሁሉም ነገር። የምተረጉመው ሰነድ፣ የሽሮው ድስት፣ የአባቴ ሳል፣ ወሬ ይዛ የመጣችው ጎረቤት፣ ሁላችንም እዚያ ነን። ስለዚህ ከአባቴ መኝታ ጀርባ አንድ ክፍል ለመቀጠል ወሰንኩ። ካልተሳካልኝ ወደ አዲስ አበባ መመለሴ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ አባቴ ስኳር በሽታውን የሚጠብቅለት፣ ጠዋት ጠዋት መርፌውን የሚወጋው ከእኔ በቀር ሰው የለውም።

ነገር ከጀመርኩ ትዕግሥት የለኝም። በደብተር ወረቀት ላይ ፕላኑን በአንድ ቀን ጨረስኩት፤ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር፣ አንድ መስኮት ወደ ጓሮ፣ ጠረጴዛው እዚህ፣ መደርደሪያው እዚያ። በማግስቱ አናጢ አገኘሁ። ከሆሞሻ የመጡ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ቀርከሃ ሲሰነጥቁ እጃቸው አይስትም፤ አማርኛቸው ግን ሴትና ወንድ አይለይም። ገና ስንተዋወቅ ‹‹አንተ ቤት ይፈልጋል፣ እኔ ይሠራል›› አሉኝ፣ እኔን ሴቷን። ከዚያ በኋላ ለመግባባት አልተቸገርንም።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ‹‹ምን ያደርጋል፣ ይበቃናል›› እንደሚለኝ ስለማውቅ ሁሉን ጨርሼ ላሳየው አስቤ ነው። በሰው ቤት ላይ፣ ባለቤቱን ሳያማክሩ ፕላን መሣል ነውር መሆኑ ያኔ አልታየኝም።

አናጢው ችካል ሊተክሉ የመጡ ቀን እኔ ሚስማር ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ሲባጎው ተወጥሯል፤ ደጅ ተቀምጦ የተውኩት አባቴ ግን ገብቶ ተኝቷል። ምሳ አቀረብኩለት። ‹‹አልራበኝም›› አለ። በማግስቱም ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተወው። ስኳር ያለበት ሰው መርፌ ተወግቶ አልበላም ሲል ቀልድ አይደለምና ተቆጣሁት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጭራሽ ክንዱን ነፈገኝ።

‹‹እዚያው ስገባ ትወጊኛለሽ›› አለ።

‹‹የት ነው የምትገባው?››

‹‹በምታሠሪልኝ ቤት ነዋ። ሰውየው ነገረኝ። የመክተብ ቤት ነው አለኝ፤ የመርፌ ቤት። እዚያ አስቀምጠሽኝ ልትሄጂ ነው።›› ክንዱን ጋቢው ውስጥ አስገባ፤ ‹‹በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲያመጡን መኪና ላይ ጫኑን እንጂ ወዴት እንደምንሄድ የነገረን አልነበረም። አንቺ ግን ልጄ ነሽ፤ ንገሪኝ።››

መርፌውን አስቀመጥኩ። ከዚያ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና አናጢውን ከጓሮ ጠርቼ ለአባቴ ምን እንዳሉት ጠየቅኳቸው።

‹‹መክተብ አለ እኔ›› አሉ፣ ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው። ‹‹አንተ ቁጭ ይላል፣ ይጽፋል አላልክም? መክተብ ነው።››

ያኔ ገባኝ። በእሳቸው ቋንቋ፣ ከሱዳን ዐረብኛ በገባው ቃል፣ መክተብ ማለት ቢሮ ነው። በእኛ አማርኛ ደግሞ ክትባት፣ መርፌ። አባቴ የመሰለውን ስነግራቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው በጣታቸው መዳፋቸው ላይ እየጻፉ አሳዩት። ‹‹ይጽፋል፣ ይጽፋል። መርፌ የለም።›› አባቴ እንደማፈር ብሎ ሳቀ፣ ክንዱን ሰጠኝ፣ ቁርሱንም በላ።

እኔ ግን ያን የደብተር ወረቀት አውጥቼ አየሁት። ነገሩ የቃል ስህተት ብቻ አልነበረማ። በፕላኑ ላይ ከመኝታው ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ በኩል በር አልሣልኩም። መግቢያዬ በጓሮ ነበር፤ ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ እሱ ጋ ለመድረስ ቤቱን መዞር ነበረብኝ። ግድግዳውንም ቀርከሃው ድርብ ሆኖ በመሀሉ ጭቃ እንዲጠቀጠቅበት አዝዣለሁ። ከእሱ ላለመለየት ብዬ የማሠራውን ክፍል፣ እሱን እንዳልሰማው አድርጌ ሣልኩት። ይህን ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር።

አናጢው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ለአባቴ ነገርኩት። ‹‹ስብሰባ ላይ ሳልህ እንዳይሰማ ብዬ ነው›› አልኩት።

‹‹ይረብሻል እኮ›› አለ። ‹‹እኔንም ይረብሸኛል። አብሽሪ፣ ግድግዳውን አወፍሪው። ብቻ አትሂጂ።››

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወጥቼ ፕላኑ እንደተቀየረ ለአናጢው ነገርኳቸው። የመኝታውን የድሮ ግድግዳ ቆርጠው በር አወጡለት፤ መዝጊያ አላስገጠምኩም፣ መጋረጃ ብቻ ሰቀልኩ።

አሁን ሳሉ ስብሰባ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ማይኩን ለመዝጋት እሽቀዳደም ነበር፤ በኋላ ተውኩት፣ ሰዎቹም ለመዱት። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ንግግሯን አቋርጣ ‹‹ዛሬ አባትሽ አልሳሉም፤ ደህና ናቸው?›› አለችኝ። ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። አልጋው ላይ ተቀምጦ በጋቢው አፉን አፍኗል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

‹‹ምነው?›› አልኩት።

‹‹ይዤው ነው›› አለ በሹክሹክታ፤ ‹‹ሰዎቹ እስኪጨርሱ።››

‹‹ሳል፣ አባዬ›› አልኩት።