ሁለት የግራ እጅጌ

ታላቂቱ እህት ልብስ ስፌት ቤት ከገባች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ታናሽ እህቷን እጇን ይዛ ያመጣቻት፣ ክር በመርፌ ማስገባት ያስተማረቻትም እሷው ናት። የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ዓይናቸው ስለደከመ ትልቁን መቀስ ከሁለቱ እህትማማቾች ለአንዷ ሊያስረክቡ ነው። መቀሱን የያዘች ጨርቅ ትቆርጣለች፤ ሌላዋ የተቆረጠላትን ስትሰፋ ትኖራለች።

ታናሺቱን ሠራተኛው ሁሉ ዝምታ ይላታል። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር፣ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግታ ያለ ጠመኔ ያለ ማስመሪያ ከዳር እስከ ዳር ትቆርጣለች። ታላቂቱ ጋዜጣው ምን በደለሽ እያለች ቤቱን ታስቅባታለች። ዝምታም አብራ ስቃ መቁረጧን ትቀጥላለች። ለታላቂቱ ብትቆጣላት ይሻላት ነበር።

አንድ ቀን ምን እያሰብሽ ነው የምትቆርጪው ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም፣ እትዬ። መቀሱ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ።»

ደበቀችኝ አለች ታላቂቱ በሆዷ። ሰው እንዴት ምንም አያስብም? እሷ ድስት እስክትጥድ እንኳ ሦስት ሰው አምታ ትጨርሳለች።

የፈተናው ቀን ጋሼ ለሁለቱም አንዳንድ ኮት የሚወጣው ሱፍ ሰጥተው ፊት ለፊት አቆሟቸው። ጨርቁ ሳይታጠፍ ስለሚቆረጥ፣ አንዱ እጅጌ ከወጣ በኋላ የእጅጌውን ልክ የያዘውን ወረቀት መገልበጥ ግድ ነው። ይህን ለጀማሪ ሁሉ የምታስተምረው ታላቂቱ ናት። ዓይኗ ግን እህቷ እጅ ላይ ተተክሎ ቀረ። ደረሰችብኝ? አለፈችኝ? ታላቂቱ ቀድማ ጨርሳ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

ጋሼ የእሷን እጅጌዎች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ሁለቱም የግራ ነበሩ።

«ሁለት ግራ እጅ ያለው ደንበኛ እንፈልግላታ» አለች ቁልፍ የምትተክለዋ ከጥግ።

ጋሼ አልሳቁም። «እጅሽ ከእሷ አያንስም፣ ልጄ። ዛሬ ግን ብቻውን ሲሠራ ዋለ።»

መቀሱ ለዝምታ ሆነ።

ታላቂቱ ሦስት ቀን እህቷን አኩርፋ ሰነበተች። በአራተኛው ከሁሉም ቀድማ መጣች፤ ዝምታ ብቻ ቀድማታለች። ጠረጴዛው ላይ ቦታ ለቀቀችላትና አንድ የጋዜጣ ገጽ ገፋ አደረገችላት።

«ወረቀቱ ስስ ነው፣ እትዬ። ቀስ በይ።»

የመጀመሪያው መስመር እንደ ፍየል መንገድ ተጣመመ። የእህቷን ሰርቃ ስታይ ሁለተኛውም ተበላሸ። ሦስተኛው ላይ፣ ከመናደድ ብዛት ደክሟት ይሁን እንጃ፣ መቀሱ እስኪዘጋ ጠበቀች። እንደገና ከፈተች፤ እንደገና ጠበቀች። ቀና ስትል የስፌት መኪናው ሁሉ ይንጫጫል። ሰዉ መቼ እንደገባ አልሰማችም።

ከዚያ የእህቷን ቁራጭ አየችው። ቀጥ ያለ ነው፣ እንከን የለውም። ቅናቱ ከነትኩሳቱ ተመለሰ።

«ነገ ጋዜጣ የማመጣው እኔ ነኝ» አለችና ወደ መኪናዋ ሄደች።