የተሰካው አማና

ፍርሃት እንደ ጤፍ የሚታረስ ቢሆን ኖሮ ሁዜይፋ ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ ያለውን ደጋ በሙሉ በስሙ ባስመዘገበ ነበር። ጥላው ቀድሞት ሱቅ ሲገባ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ አሳልፎት፣ ከኋላው የሚከተል ሰው ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል። ለዕቃ ግዢ ደሴ መውረድ ሲኖርበት ሹፌር ይጠይቃል፣ ረዳት ይጠይቃል፣ ከደሴ የመጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል፤ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ደግሞ የነገረውን ሰው ይጠረጥርና ይቀራል።

እህቱ ባሲማ ከሪያድ ስትመለስ አንድ ርካሽ የሬዲዮ መቃኛ አመጣችለት። ሬዲዮ ነው ብለው እንደሸጡላትና አንድም ቀን ዘፈን እንዳልወጣው ነገረችው። ሁዜይፋ ገላልጦ አየው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሰፈረው የመንገድ ሥራ ድርጅት ሠራተኞች የእጅ ሬዲዮ ይይዛሉ፤ መቃኛውን በእነሱ ሞገድ ላይ ሲያደርገው እንደ ተበላሸ ወፍጮ ይንጫጫል። ንግግራቸው ሌላ ሰው እንዳይሰማው ተቆልፎ ነው የሚሄደው። ጫጫታው ግን የሬዲዮዎቹ የራሳቸው ወሬ ነበር። ሁዜይፋ ድምፁ ተጣርቶ ስፒከሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ጥሬው የሚገኝበትን ነጥብ ፈልጎ ቀጭን ሽቦ በየደበት፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ በአሮጌ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ሰካ። አንድ ወዳጁ በስልክ የላከለት ፕሮግራም ያን ጫጫታ ወደ ቁጥር ለወጠው። እያንዳንዱ ሬዲዮ የራሱ ቁጥር አለው፤ እስካልጠፋ ድረስ ኮረብታው ላይ ላለው ማማ በየጊዜው «አለሁ» ይላል። ቁጥሮቹ ከበዙ የድርጅቱ መኪኖች ወጥተዋል፤ መኪኖቹ ከወጡ መንገዱ ሰላም ነው። አውቶቡስ ለመሳፈር ይህን ያህል ሳይንስ የፈጀ ሰው ከአደም ጀምሮ አልተሰማም።

ችግሩ መድኃኒቱ ራሱ አዲስ ፍርሃት መውለዱ ነው። በዚህ ዘመን ሽቦ የተበየደበት መቃኛ ይዞ የተገኘ ሰው፣ «አውቶቡስ ልሳፈር ብዬ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ደንበኛ በገባ ቁጥር ላፕቶፑን በፎጣ ይሸፍናል፤ ፎጣው እንዳያስጠረጥርም ፊቱን ያብስበታል። ፊቱ እንደዚያ ሰሞን ነፅቶ አያውቅም።

በዚህ ላይ 417 መጣ። ሌሎቹ ቁጥሮች ጠዋት ገብተው ማታ ይጠፋሉ። 417 አይጠፋም። አይጣራም፣ የሚጠራውም የለም፤ ብቻ «አለሁ» ይላል። ሁዜይፋ ምሳ ሲበላ አለ፣ ሰግዶ ሲመለስ አለ። ይህ እኔን እንዲጠብቅ የተመደበ ሰው ነው ሲል ደመደመ። ድሮም ከሲታ ነበር፤ አሁን ብሶበት ለቀበቶው በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳለት።

ከዚያ ገበያ ላይ ወሬ ተነዛ፤ ድርጅቱ አንድ ሬዲዮ ጠፍቶበታል፣ ጥበቃዎቹም ከሞባይል ሱቆች ጀምረው ሊፈትሹ ነው። ሁዜይፋ መቃኛውን ሊነቃቅለው ተነሣ። አንቴናውን ሲፈታው ማማውም ቁጥሮቹም ጸጥ አሉ፤ 417 ብቻ በራሱ ሞገድ ላይ መጮኹን ቀጠለ። አንቴና የሌለው መቃኛ የሚሰማው አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ዞረ። ሱቁ ውስጥ ከእሱና ከመደርደሪያው በቀር ማንም አልነበረም።

መደርደሪያው ላይ የእትየ ይታይሽ ጥቅልል ነበር።

እትየ ይታይሽ ጎረቤቱ ናቸው። ልጃቸው ቢተው የዚሁ ድርጅት ሹፌር ነበር፤ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሲነሣ ጓደኞቹን እንኳ አልተሰናበተም። እሳቸው ያን ጊዜ ገመድ የወጣለት የጨርቅ ጥቅልል አምጥተው፣ አማና ነው፣ አደራ፣ እኔ ቤት መብራት የለም፣ እዚህ ሳይነቀል ይቆይልኝ አሉት። በዚያ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አማና አይፈታም፤ ሌባ እንኳ ቢሰርቀው ሳይፈታ ነው የሚሸጠው። ሁዜይፋም ገመዱን ሰካ፣ ቋጠሮውን አልነካም። ሴትዮዋ በየቀኑ ብቅ ብለው ጥቅልሉን አይተው ሲሄዱ፣ መፍታት አለመፍታቱን የሚሰልሉ መስሎት ይሸማቀቅ ነበር።

አሁንም አልፈታውም። ጠባቂው የመሰለውን ጥቅልል ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቤታቸው ወሰደው፤ ማሽኑ እንዴት እንዳገኘውም ነገራቸው።

«እትየ፣ ምንድን ነው ውስጡ?»

«የቢተው ሬዲዮ ነዋ። መልሺልኝ ብሎኝ ነበር፤ ድንገት ቢጠራኝስ ብዬ እኔ አቆየሁት።»

ያ ሬዲዮ እንኳን ከሳዑዲ፣ ከአጅባር እንኳ ድምፅ እንደማያመጣ ሁዜይፋ ያውቃል። እንዴት እንደሚነግራቸው ጨንቆት ገመዱን ይጠቀልል ጀመር።

«ገብቶኛል» አሉት። «ድምፅ ባይኖረውም፣ ስመጣ መብራቱ በጨርቁ ሥር ይታየኝ ነበር።»

ሬዲዮውን ሊመልሱ አብረው ወደ ድርጅቱ በር ሲሄዱ፣ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት ይበሉ ብሎ ለመናቸው። አማና በውሸት አይመለስም ብለው ዘጉት። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ፣ ቢያድግልኝ የሚባል ጥበቃ ነበር። እትየ ይታይሽ ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈትተው ሰጡትና ሁሉንም ነገሩት፤ ምንም አላስቀሩም።

«እኔ ምን አውቄ፤ ይኼ ልጅ ነው በማሽኑ አይቶ የደረሰበት፣ አላህ ይስጠው።»

«በምን ማሽን?» አለ ቢያድግልኝ።

ሁዜይፋ ከእትየ ይታይሽ ኋላ ፈቀቅ አለ። ጥበቃው ከቆቡ እስከ ጫማው አየውና ሱቁ የት እንደሆነ ጠየቀው። እትየ ይታይሽ ከመናኸሪያው ጀምረው እስከ በሩ ቀለም ድረስ መሩለት።

«ነገ እመጣለሁ» አለ ቢያድግልኝ።

ሁዜይፋ እንዴት ሱቁ እንደደረሰ አያውቅም። ሽቦውን በጠሰ፣ ፕሮግራሙን አጠፋ። መቃኛውን ከነቻርጀሩ ጠቅልሎ ቋጠረና ተመልሶ እትየ ይታይሽ ደጃፍ ቆመ። አማና ነው አላቸው። ተቀብለው ገመዱን አዩት።

«ይሰካ?»

«አይሰካ። በአላህ ይዤዎታለሁ እትየ፣ አይሰካ።»

በማግስቱ ቢያድግልኝ መጣ። ሁዜይፋ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሶ ከመጀመሪያው ጀምሯል። ሰውየው ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ ኪሱ ገባና መስታወቱ የተሰነጠቀ ሞባይል አወጣ፤ እማማ እጁ ጥሩ ነው ስላሉኝ ነው አለ። ጥሩ የተባለው እጅ አንዷን ብሎን ለመያዝ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «ያ ማሽንህስ?» አለው።

«ሰው ጋ ነው» አለ ሁዜይፋ፤ እውነቱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደሴ ወርዶ አያውቅም። መቃኛው እትየ ይታይሽ ትራስጌ ላይ ነው፤ ባገኙት ቁጥር እንዳልፈቱት ይነግሩታል፣ እሱም ያምናቸዋል። ሰሞኑን ግን እንቅልፍ አጥቷል፤ ለእሳቸው ቤት መብራት ሊገባ ነው ተብሏል።