ለአራስ ልጅ ለቅሶ አይቀመጥም

የጀመረኝ በቀኝ እጄ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ፤ ክር የሚያክል ደም ሥር ፈልጌ መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላ፣ ማስገባት እንጀራዬ ነው። አንድ ጠዋት መርፌውን ስይዝ ጣቶቼ ተንቀጠቀጡ። ባልደረባዬ ሲስተር አስቴር «ቁርስ ሳትበዪ መጥተሻል» ብላ ቀለደችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። በማግስቱም ተንቀጠቀጡ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መንገድ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ስሰማ የሕፃናቱን ትንፋሽ የሚከታተለው የሞኒተር ጩኸት እየመሰለኝ መሮጥ ይቃጣኝ ጀመር።

ደም ስኳርም ታይሮይድም ተመረመርኩ፤ ሁሉም ደህና ነው። ወደ አእምሮ ሐኪም ተላክሁ። ተናደድኩ፤ ሰው መላክ እንጂ እኔው ራሴ ተላኪ መሆን አልለመድኩማ።

ሐኪሙ «በቅርቡ የሞተብሽ ሕፃን አለ?» አለኝ።

ነበረች። ያለጊዜዋ የተወለደች፣ ከከተማው አቅራቢያ ያለችው የጫኖ ገበሬ ልጅ። ሲፓፕ በሚባለው የመተንፈሻ መሣሪያ እየተነፈሰች ቆየች፤ በእናቷ ደረት ላይ መሞቅ ጀመረች፤ ክብደት ጨመረች። ከዚያ ሴፕሲስ፣ ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን፣ ያዛት። እናቷ ጨርቅ ልታጥብ ወጥታ ነበር። ትንፋሿ ቆመ። በአምቡ ባግ፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር ከረጢት፣ ሞከርኩ። አልተመለሰችም። ጠቀለልኳት። ለእናቷ ነገርኳት። አልጋውን አጸዳሁ። ሌላ ሕፃን ገባ።

«አለቀስሽ?»

«ለአራስ ልጅ ለቅሶ አይቀመጥም» አልኩት። በእኛ ሰፈር ልማዱ ይኸው ነው። ጨቅላ በጥቂት ሰው ይቀበራል፤ እናቲቱም «ሌላ ትወልጃለሽ» ተብላ ዝም ትላለች። እኛ ነርሶቹም ሆድ ይፍጀው ብለን ወደሚቀጥለው እንዞራለን።

«እጅሽ ጤነኛ ነው። ዲፕሬሽን ይዞሻል፤ ይድናል» አለኝ። መድኃኒት አዘዘልኝ፣ በየሳምንቱ ለምክር ቀጠረኝ፣ ከሥራ አሳረፈኝ። ሙያዬ እዚህ ላይ አበቃ ወይ የሚለው ፍርሃት ግን ከሕመሙ ባሰብኝ።

እንቅልፌ መመለስ ሲጀምር፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ የሕፃኗን እናት ፍለጋ ጫኖ ሄድኩ። ጠያይቄ ቤቷን አገኘሁት። ታባርረኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እጄን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችኝ።

«ማንም ስሟን አይጠራልኝም» አለችኝ በጋሞኛ። «አንቺ ታውቂያታለሽ። ግንባሯ የአባቷ አልነበረም?»

«አገጯ ያንቺ ነበር። ስትራብ ደግሞ ቁጣዋ!»

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። እኔም ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ጎረቤቶች ሰምተው «ማን ሞተ?» እያሉ ገቡ። «ምሕረት፣ ልጄ» አለቻቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ለአራሷ ልጅ ለቅሶ ተቀመጠላት።

መድኃኒቱንና ምክሩን ሳላቋርጥ፣ ቀስ በቀስ እየበላሁ፣ እየተኛሁ፣ በጠዋት በእግሬ እየተንሸራሸርኩ ሰነበትኩና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አስቴር አጠገቤ ቆማ ነበር የምሠራው፤ ዛሬ ብቻዬን ካኑላ አስገባለሁ። አሁንም ሕፃናት ይሞቱብናል፤ ነገር ግን የጫኖውን ለቅሶ ለባልደረቦቼ ነግሬ ከተስማማን ወዲህ፣ ሲሞቱ እናትየው ትታቀፋቸዋለች፣ ስም ካላቸው ስማቸውን እንጠራለን፣ ያስታመመችው ነርስም ወጥታ እስክትረጋጋ ሌላዋ ሥራዋን ትሸፍንላታለች።

ሐኪሜን፣ አስቴርን፣ ታሪኳን እንድጽፍ የፈቀደችልኝን የምሕረትን እናት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቺም ነርስ እህቴ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ወይም እንቅልፍ ከራቀሽ ቶሎ ታከሚ። እንባሽን እናቶቹ ያዩብኛል ብለሽም አትፈሪ፤ ልጃቸውን የወደደላቸው ሰው እንደነበረ በዚያ ያውቃሉ።