አዴ ሀሊማ ያልሰሙት ወሬ

ንጋት፣ ድሬዳዋ

ሚኒባሱ ካልሞላ አይነቃነቅም፤ እኔ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ መጥቼ መስኮት አጠገብ ተኮፍሻለሁ። ወደ ሐረር የምሄደው ለቅሶ ልደርስ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዬ ሙክታር ከጥቂት ወራት በፊት ድንገት ታሞ አረፈ። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርሰኝ ቀብሩ አልቆ ነበር። ቀድመውኝ የሄዱት ጓደኞቻችን አስጠንቅቀውኛል፦ እናቱ አዴ ሀሊማ እንግዳውን ሁሉ «ስለ ልጄ የማላውቀውን ንገረኝ» ይላሉ። እስካሁን የተሳካለት የለም። ያላቸው እሱ ብቻ ነበር፤ ያልሰሙት ነገር ከየት ይመጣል?

ደንገጎ

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሙቀቱ ከታች ቀረ። ጠመዝማዛ መንገድ፣ የጭነት መኪና ጭስ፣ ሹራብ የምትደርብ ሴት። ሾፌሩ የሐረር ልጅ ነው። ለማን ለቅሶ እንደምሄድ ስነግረው በመስታወቱ አየኝ።

«ሙክታር ኤሌክትሪክ? ወላሂ፣ የሠርጌን መብራት የዘረጋው እሱ ነው። ሳንቲም አልቀበልም ብሎ፣ ጭራሽ ሲጨፍር አደረ።»

«አላህ ይርሀመው» አሉ ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ። «የመስጊዳችንን መብራት ሲሠራ ጾመኛ ነኝ ብሎ ሻያችንን እንኳን አልነካም። ኋላ ስንሰማ ጾመኛ አልነበረም፤ እንዳንቸገርለት ነው።»

ደስ አለኝ። ስንቅ ያገኘሁ መሰለኝ።

«ይህን ለእናቱ ልንገራቸው?»

«ለእኔ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው» አሉ ሽማግሌው።

አወዳይ

የጫት እስር፣ ጩኸት፣ የተደረደሩ ፒክአፖች። ሾፌሩ ወርዶ ሲከራከር ቆየ፤ እኔም በሆዴ ወሬዎቼን አንድ በአንድ ስመርጥ ቆየሁ።

ሐረር

ባጃጅ ይዤ በትምህርት ቤታችን አጠገብ አለፍኩ። አጥሩ ተቀይሯል። ከኤረር በር ወርጄ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት የዘረጉትን ሴቶች አልፌ፣ ባጃጅ የማይሞክረው ቀጭን መንገድ ውስጥ ገባሁ። የጀጎልን የድንጋይ ግንብ ሁሉ በተማሪነቴ ያወቅኩት ከሙክታር ኋላ እየሮጥኩ ነው።

«ተስፋዬ፣ ከስተሃል» አሉኝ አዴ ሀሊማ። አልከሳሁም፤ ግን ከእሳቸው ጋር ማን ይከራከራል? ዳቦ በሳህንና ሆጃ፣ ያ ከወተት ጋር የሚፈላው የቡና ገለባ፣ ቀረበልኝ። እሳቸው አልነኩም።

«እሺ ልጄ፣ የማላውቀውን ንገረኝ።»

የትምህርት ቤቱን ደወል እንዴት እንደጠገነ ጀመርኩ። «በብስክሌት ሰንሰለት» ብለው ጨረሱልኝ። በፈተና ቀን ጫማውን ማዋሱን ሳነሳ የተዋሰውን ልጅ ስም ከነአባቱ ነገሩኝ። ሌላውንም ከአፌ ነጠቁኝ።

«ሰው ሁሉ የሚያመጣልኝ ያለኝን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሙክታር አለቀብኝ፣ ልጄ።»

አንጀቴን በሉት። አንድ ወሬ ቀርቶኝ ነበር፤ ሙክታር እናቴ እንዳትሰማ ብሎ ሁላችንንም ያስማለን። አደራውን በላሁት።

«በወላጆች ቀን ድራማ ላይ እናት ሆና የምትጫወት ልጅ ጠፋች። ሙክታር የእርስዎን ሻርፕ ደብቆ አመጣና እናት ሆነ። እንዳይመጡበት ብሎ በዓሉን አልነገረዎትም።»

«የኔን ሻርፕ?»

«የእርስዎን። በሩ ላይ ቆሞ፣ ልክ እንደ እርስዎ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ…» ተነስቼ አሳየኋቸው። «አሁን ነው የምትመጣው? ምሳው በረደ፣ እኔ ነደድኩ!»

አዴ ሀሊማ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቁ ነው።

«ባለጌ» አሉ። «ከዚያስ?»

«አዳራሹ በሳቅ ሲያብድ እሱ ሳህኑን አቀረበና ልጅ ሆኖ ከሚጫወተው ተማሪ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ልጁ በልቶ እስኪጨርስ ዝም ብሎ አየው። ሳቁ ቆመ። እናቶቹ እንባቸውን ጠረጉ።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ተዋናይ አይቻለሁ፤ እንደ ሙክታር ያለ አላየሁም።

«እኔ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሳየው፣ አቀርቅሮ ነበር የሚበላው» አሉ አዴ ሀሊማ። «አንድ ቀን እንኳን ቀና ብሎ አላየኝም እል ነበር። ለካ ያየኝ ነበር።» «ድገመው» አሉኝ። «ጩኸቱን ተወው። የመጨረሻውን።»

የዳቦውን ሳህን አንስቼ ፊታቸው አኖርኩና ከፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ዝም ብዬ አየኋቸው። አዴ ሀሊማ አቀርቅረው መብላት ጀመሩ።