ፀሐይ እስክትዞር የጠበቁት አንክል ዴቫ

እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ቀድሞ በሕንዶች ሰፈር በሌኔዢያ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ፣ ኋላም መሐል ከተማ በጀፕ ጎዳና ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩት አንክል ዴቫ ባለፈው ዲሴምበር መጨረሻ በኮሮና አርፈዋል። አስከሬናቸው በሃይማኖታቸው ወግ ሲቃጠል እንዲገኙ የተፈቀደላቸው ሰዎች በጣም ጥቂት ስለነበሩ፣ ብዙዎቻችሁ መርዶውን የሰማችሁት በስልክ ነው። ሱቃቸው ተዘግቶ አይታችሁ የጠረጠራችሁም አላችሁ። እኔ ነስሩ ነኝ፤ ከሱቃቸው ጎን ብርድ ልብስ የምሸጠው የስልጤ ሰው። ልጃቸው ሻንታ «አንተ ጻፈው፣ የመጨረሻውን ያየኸው አንተ ነህ» ስላለችኝ ይህን እጽፋለሁ። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጣለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እሱ ይንገረኝ።

በዚህ አገር ሕንዶች ዘንድ ታላቅን ሁሉ «አንክል» ማለት ወግ ነው፤ እኛም የጀፕ ነጋዴዎች እንደዚያው ጠራናቸው። ለስላሳ ሰው ነበሩ ብዬ ብጽፍ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡኛል። ጨርቅ መሬት ለመሬት የሚጎትት ደንበኛ ሲያዩ እንደ ተማሪ ያስቆሙት ነበር። ግን ዲፕስሉት በሚባለው የድሆች ሰፈር ሱቁ የተዘረፈበት የሆሳዕና ልጅ ባዶ እጁን እኛ ዘንድ የመጣ ጊዜ ከሁላችንም ቀድመው ከላይኛው ፎቅ ካለው ቤታቸው ፍራሽ አውርደው የሰጡት አንክል ዴቫ ናቸው። ማታ ማታም ምን እንደወሰዱበት ሳይጠይቁት አጠገቡ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። «የተዘረፈ ሰው ተራኪ ሲሆን ሁለተኛ ይዘረፋል» አሉኝ፣ እኔ ልጠይቀው ስል።

ጠባቸው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ነበር። እንደ እኔ ሂንዱ ላልሆናችሁ፣ እሳቸው እንዳስረዱኝ ላስረዳ። የሂንዱ በዓላት በጨረቃና በፀሐይ ይቆጠራሉ። ቤተ መቅደሶቹ የሚጠቀሙበት የታተመ መቁጠሪያ የፀሐይን ጉዞ የሚለካው ከከዋክብት አንጻር ነው። አንክል ዴቫ ግን ቬዳ የሚባሉት ቅዱሳት መጻሕፍታቸው በተጻፉበት በጥንቱ ዘመን ወር የሚታሰረው ከወቅት ጋር ነበር ይላሉ፤ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት፣ ፀሐይም ወደ ደቡብ ሄዳ ሄዳ ፊቷን ወደ ሰሜን ከምትመልስበት ዕለት ጋር። ከዋክብቱ ደግሞ በብዙ ዘመን ውስጥ ከወቅቶቹ ቀስ በቀስ ተንሸራተዋል። ስለዚህ የፀሐይ መዞር በዓል ዛሬ የሚከበረው በጃንዋሪ አጋማሽ ሲሆን፣ ፀሐይ ግን የምትዞረው በዲሴምበር ነው። የመብራት በዓላቸው ዲዋሊም ብዙ ጊዜ አንድ ወር ዘግይቶ ይውላል።

«መንገድ ጀምራ ከራቀች በኋላ እንኳን ዞርሽ ይሏታል» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ቀኝ መዳፋቸውን ወደ ታች ዘርግተው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይገለብጡታል። ተማሪዎቻቸው የነበራችሁ ያንን እጅ ታስታውሱታላችሁ።

እኔ እቀልድባቸው ነበር። «አንክል፣ በእኛ አገር የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» ስላቸው «እኔ አልቸኮልኩም፣ እነሱ ናቸው የተኙት» ይላሉ። እዚህ ጆሃንስበርግ ወቅቱ ከሕንድ ተገልብጦ እያለ፣ እዚያ ብርድ ሲሆን እኛ በሙቀት እየተቃጠልን፣ ስለ ወቅት ምን ያጨቃጭቃል ብዬም ጠይቄያቸዋለሁ። «ብርድና ሙቀቱ የየአገሩ ነው። መዞሩ ግን የፀሐይ ነው፤ ለሁሉም አንዴ ትዞራለች» ብለው መለሱልኝ።

በሕንጻችን ጣሪያ ላይ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት አቁመው ነበር። በእኩለ ቀን ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ዲሴምበር ሲቃረብ እያጠረ ይሄድና የመጨረሻው እጥረት ላይ ደርሶ ይመለሳል። ያን ቦታ በነጭ ቀለም አስምረውበታል። መቼ እንደሚሆን አስልተው ያውቁታል፤ ቢሆንም ካላዩት አያምኑም። አንድ ጊዜ ጥላው ጨርሶ የሚጠፋበት ቀን አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «እዚህ ከተማ አይሆንም። ፀሐይ አናታችን ላይ ልትደርስ ትቃረባለች እንጂ አትደርስም» አሉኝ። «ቢጠፋስ?» አልኩ ላናድዳቸው። «ያን ጊዜ ጥላው ሌላ ሥራ ይዟል ማለት ነው» አሉና ወደ ሱቃቸው ወረዱ።

ከዚያ ኮሮና መጣ፤ አገሩ ሁሉ ተዘጋ። ጀፕን ጸጥ ብሎ አይቶ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። የታክሲ ጥሩንባ የለም፣ ካርቶን የሚጎትት የለም። በሱቆቹ መስኮቶች ውስጥ ልብስ የለበሱት የፕላስቲክ ሰዎች ብቻ ቆመው ወደ ባዶው መንገድ ያያሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በእነሱ ፊት ማለፍ እየፈራሁ ጣሪያ ላይ መዋል አዘወተርኩ። አንክል ዴቫም ከተራረፈ የሳሪ ጨርቅ ለሕንጻው ሰው ሁሉ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እየሰፉ እዚያው ይውላሉ።

ረመዳን ያለቀው በዚያ ሁኔታ ነው። በእኛ ዘንድ ጨረቃ በዓይን ታይታ ትመሰከራለች፤ ምስክሩም ያየውን ብቻ ይናገራል። ተሰብስበን መፈለግ ስለተከለከለ እኔ ጀንበር ስትጠልቅ ጣሪያው ላይ ቆሜ ምዕራቡ ላይ አፈጣለሁ። አንክል አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ብዙ ከፈለግኩ በኋላ ቀጭኗን አየኋትና «ያቻት» ስል ፈገግ አሉ። ከእኔ በፊት አይተዋት ኖሯል። ለምን አልነገሩኝም ብላቸው «እኔ የእናንተ ምስክር አይደለሁም። በእኔ ጣት አይተሃት ቢሆን ዒድህን እሰርቅህ ነበር» አሉኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው። ቀጥለውም «የእናንተ ጨረቃ ወቅትን እከተላለሁ ብላ ቃል አልገባችም፤ ስለዚህ አልዋሸችም። የእኛዎቹ ናቸው የዋሹት» አሉ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ጠባቸውን አልተዉም።

በኦክቶበር፣ ሌላው ሂንዱ ሁሉ ገና ወር ሲቀረው፣ የጣሪያውን ጠርዝ በዘይት መብራት ደርድረው ዲዋሊያቸውን ብቻቸውን አከበሩ። ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሰዎች የለቅሶ መብራት መስሏቸው በነጋታው «እላይ ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁኝ። የእኔ እኩያ የሆነችው ልጃቸው ሻንታ ሌኔዢያ ትኖራለች፤ በዓሉን ከቤተ መቅደሷ ጋር ስለምታከብር አልመጣችም። በስልክ «ነስሩ ባይ» አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «በዓል ባልሆነ ማታ የሚበራ መብራት በዓል ያለፈባቸውን ሙታን ይጠራል። ንገርልኝ፣ ብቻውን አያብራ።» ነገርኳቸው። «የመጣ ካለ ቦታ አለ» አሉ፤ እየቀለዱ ይሁን የምራቸውን አላወቅኩም። ያን ማታ ንፋስ ነበር። አንድም መብራት ሲጠፋ አላየሁም።

የኮሮናው ሁለተኛ ማዕበል ሲመጣ ታመሙ። አምቡላንስ ሲወስዳቸው እጄን ይዘው ያሉኝን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። በእነሱ እምነት ፀሐይ ወደ ሰሜን በምትጓዝበት ግማሽ ዓመት የሞተ ሰው መንገዱ ብርሃን ነው፤ ከመዞሯ በፊት የሞተ ግን በጨለማው መንገድ ይሄዳል። «እጠብቃታለሁ። ጥላው መስመሩ ላይ ደርሶ ሲመለስ በዓይንህ አይተህ ንገረኝ። ሌላ ሰው ደግ ሆኖ ይዋሸኛል፤ አንተ ጨረቃ የምትመሰክር ሰው ነህ» አሉኝ።

ሻንታ ይህን ሰምታ በማግስቱ ደወለች። «ባይ፣ እባክህ አልዞረችም በለው» አለች። «አባቴን አውቀዋለሁ፤ እስኪሰማ ይጠብቃል። የእኛ መቁጠሪያ ጃንዋሪ ነው የሚለው። እስከዚያ ቢቆይ ይድናል፣ ባይድንም በእኛም ቆጠራ በብርሃኑ ይሄዳል። ዲሴምበር ላይ ከነገርከው ይሄድብኛል።»

ምን ልበላት? እሺ አላልኳትም፣ እምቢም አላልኳት። ያየሁትን ብደብቅ ምስክር አይደለሁም፤ ብናገር የሰው አባት እገድላለሁ። አላህ ይስጠው፣ ደመናው ለጊዜው ገላገለኝ። ያን ሰሞን ጆሃንስበርግ በዝናብ ተሸፍና እኩለ ቀን እንደ ማታ ይጨልም ነበር። ጣሪያ እወጣለሁ፤ ጥላ የለም። የሆስፒታሉ ነርስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስታደርግላቸው «አንክል፣ ደመና ነው፣ አላየሁም» እላለሁ። እውነቴን ነበር። የሚሰማኝ የኦክስጅኑ ትንፋሽ ብቻ ነው። በስሌት የዞረችበት ቀን እንኳ አልፎ ነበር፤ እሳቸውም ያንን ያውቃሉ፤ ግን ይጠብቃሉ።

ከዚያ አንድ ቀን ሰማዩ ታጥቦ ጠራ። ወደ ጣሪያው ወጣሁ። ፀሐይ አናቴን ታቃጥላለች፤ ጣሪያው ላይ የቀረው የዝናብ ውሃ ያብለጨልጫል። የእኔ ጥላ እግሬ ሥር ነበር። የውሃ ማጠራቀሚያው ጥላም በቦታው አለ። የእንጨቱ ጥላ ግን አልነበረም። ተጠጋሁ፣ ጎንበስ ብዬ መሬቱን በእጄ ዳበስኩ፤ ሲሚንቶው በእንጨቱ ሥር ዙሪያውን በፀሐይ ግሏል። ሱብሃነላህ ብዬ ቀና አልኩ። የመንገዱ ድምፅ ሁሉ የቆመ መሰለኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ጥላው ተመለሰ፤ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ደርሶ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ቀስ ብሎ ከእንጨቱ ሥር ወጥቶ ተዘረጋ። ጫፉ ነጩን መስመር አልፎ መርዘም ጀምሮ ነበር።

ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ለማን እንደምደውል ሳልወስን ጠራ። ሻንታ ነበረች። «ነገርከው?» አለችኝ እያለቀሰች። «ለማንም አልተናገርኩም፤ ገና አሁን አየሁ» አልኳት። ከዚያ ነርሷ የነገረቻትን ነገረችኝ። አባቷ ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሱም ነበር። አሁን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቀኝ እጃቸውን ከአልጋው አነሱ። መዳፋቸውን ወደ ታች ዘረጉ፤ ቀስ ብለው ወደ ላይ ገለበጡት። ነርሷ ውሃ የጠየቁ መስሏት ልታመጣ ዞረች። ስትመለስ ሄደው ነበር።

በጃንዋሪ፣ በእነሱ የበዓል ቀን፣ ሻንታ ቤተ መቅደስ መሄዱን ትታ ጣሪያችን ላይ ወጣች። ነጩን መስመር አሳየኋት፤ ጥላው ከእሱ ብዙ ርቆ ነበር። የጠፋበትንም አልደበቅኳትም። ተቀምጣ አለቀሰች። «እኔ ጨለማው ውስጥ የሄደ መስሎኝ ስንት ሌሊት አልተኛሁም» አለች። ከዚያ ተነስታ የአባቷን እንጨት ቀና አድርጋ በድንጋይ አጠበቀችው፤ በየትኛው ቀን መብራት እንደምታበራ ግን አልጠየቅኳትም።

አንክል ዴቫ፣ አደራዎን ልመልስ። ሊሰሙኝ ሲጠብቁ ሳልነግርዎ ሄዱ፤ ማን እንደነገረዎ አላውቅም፣ ለማወቅም እፈራለሁ። ያን ቀን ጥላው ሌላ ሥራ ይዞ ከነበረና ሥራው እርስዎን መንገድ ማስጀመር ከነበረ፣ በደህና አድርሶዎ ተመልሷል። እኔ ጣሪያው ላይ ብቻዬን ነው የምወጣው፤ ጨረቃ ስፈልግም አጠገቤ የቆመ ሰው ያለ ይመስለኛል፣ ቀድሞ አይቶ ዝም የሚል። ዞር ብዬ አላይም። እንግዲህ በደህና ይሂዱ፣ አንክል። የጠየቁኝ ምስክርነት ዘግይቶም ቢሆን ይኸውልዎ፦ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዞራለች።