ሯጯ ዘመሮ ላይ የተናገረችው

በትምህርት ቤት ዘመኔ በሩጫ ሁሌ ሁለተኛ ነበርኩ። አንደኛዋ አብሮ አደጌ ናት፤ ከበግ ጠጉር ባና የሚሸምን ሰው ልጅ፣ ቀጭን፣ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ዝግ ያለ። ሩጫ ላይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ዳገቱን እያለከለክሁ ስወጣ አናቱ ላይ ቆማ ትጠብቀኝና "አይዞሽ፣ ደርሰሻል" ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር ያ "አይዞሽ" ያናድደኝ ነበር።

ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ በዓመቱ፣ እኔ ተጠባባቂ ሆኜ በሄድኩበት የደብረ ብርሃን ውድድር አምስት ሺህ ሜትር አሸነፈች። ወደ ከተማችን ዘመሮ ስንመለስ ገበያው መሐል አቀባበል ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ድምፅ ማጉያ ተተክሏል፤ የወረዳው ሰዎች ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ በግ ሊሸጥ የመጣውም ገብስ ሊሸምት የመጣውም ቆሞ ያያል። ከሹማምንቱ አንዱ ጠጋ አለና "ድሌ ለሠራዊታችን መታሰቢያ ይሁን በይ፤ ሌላ አያስፈልግም" አላት። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

ማይክራፎኑን ያዘች።

"ያሸነፍኩት ስለሮጥኩ ነው" አለች። "ከክፍላችን ሦስት ወንዶች ዘምተዋል። ሦስቱም ከኔ ይፈጥኑ ነበር። እኔ የምመኘው በእግራቸው እንዲመለሱ ነው። ሁለቱ አገሮች ሽማግሌ ይላላኩና ይታረቁ። ደም የተቃባ ሰው እንኳ እኛ ዘንድ ይታረቅ የለም?"

ማንም አላጨበጨበም። ከሕዝቡ መሐል አንዲት እናት "ልጄ በረሃ ላይ ሲዋደቅ አንቺ ታስታርቂያለሽ?" ብለው ጮኹ። "ከሃዲ!" የሚል ድምፅ ተከተለ፤ ከዚያ ጩኸቱ የማን እንደሆነም አይለይም። ወሬው በሁለት ቀን አጎራባቹ ቀየት ገበያ ድረስ ደረሰ። የአባቷን ባና የሚገዛ ጠፋ። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሰላምታዋን የሚመልስላት አልነበረም። የስፖርት መምህራችንም መሬት መሬት እያየ "ከቡድኑ ትውጣ ተብሏል" አለና በቦታዋ እኔን አስገባኝ።

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን እቤታችን መጣች።

"ነገ ዳገቱን አብረን እንሩጥ? ብቻሽን ከሮጥሽ ትሰንፊያለሽ።"

ቦታዋን ለወሰድኩባት ለኔ ነው የምታስበው። አፈርኩ።

"ይቅርታ ብትጠይቂስ?" አልኳት።

"የሰደብኩት ሰው ካለ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ግን ማንንም አልሰደብኩም።" ትንሽ አሰበችና "ብቻ አንድ ሰው ዘንድ መሄድ አለብኝ" አለች።

ሰውዬው ከሦስቱ ዘማቾች የአንደኛው አባት ናቸው፤ አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ በሷም ከሁሉ ይበልጥ የተቆጡ። አብሬያት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው።

"አባባ፣ ልጅዎን አላዋረድኩትም። ናፍቆኝ ነው።"

"ልጄ ወዶ ነው የሄደው" አሉ ቀና ሳይሉ። "ስለሱ እንድትናገሪ ማን ሾመሽ?"

"ማንም። እርስዎስ እንዲመለስልዎ አይጸልዩም?"

"ጸሎት ሌላ፣ ገበያ ሌላ" አሉ። "በይ ሂጂ።"

ስንመለስ አላለቀሰችም። እኔ ግን አለቀስኩ።

በሳምንቱ ወላጆች ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ፤ ከእንግዲህ በየትኛውም ውድድር እንዳትሮጥ ሊወስኑ። አንዱ ሲነሣ አንዱ ሲቀመጥ ሁሉም አወገዟት። በመጨረሻ ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

"ንግግሯን አልወደድኩትም፤ ዛሬም አልወደውም" አሉ። "ግን አፏ አጠፋ ብለን እግሯን የምንቆርጠው ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ልጄ የዘመተብኝ እኔ ተዉአት ካልኩ እናንተን ምን አቃጠላችሁ?"

ውሳኔው ቀረ። እሷም ወደ ቡድኑ ተመለሰች፤ እኔንም አላስወጡኝም። በክልሉ ውድድር ሦስተኛ ወጣች፤ እኔ ከኋላዋ ብዙ ርቄ ገባሁ። ዘመሮ ስንደርስ የተቀበለን አልነበረም፤ ከአውቶቡሱ ወርዳ ሜዳሊያዋን ኪሷ ከታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የሽማግሌው ልጅ መርዶ መጣ። ለቅሶው ላይ ሰዉ አይን አይኗን ያያል፤ "አላልኳችሁም?" ትላለች ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል። እሷ ሦስቱን ቀን ውኃ ስትቀዳ፣ ለለቀስተኛ እህል ስታቀርብ ዋለች።

"ምንም አትይም?" አልኳት።

"የተናገርኩት እንዳይሆን ነበር" አለች። "ከሆነ በኋላ ምን እላለሁ?"

በሕይወቴ ደፋር ተናጋሪ ብዙ አይቻለሁ። መቼ ዝም እንደሚባል የሚያውቅ ደፋር ግን ከሷ ሌላ አላጋጠመኝም። ዛሬ ዓለም ከተማ በሚባለው ስፍራ የስፖርት መምህርት ናት። ስብሰባ ላይ እጇን ስታወጣ አሁንም ሰብሳቢው ይጨነቃል ይሉኛል።