ከምንጩ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር ካለ አንድ መጋዘን ውስጥ የአንዲት ሩቅ ደሴት የድሮ ካርታ ስካን ሳደርግ አራት ዓመት ሆነኝ። ከኛ ጎን ብስኩት ፋብሪካ አለ፤ ሽታው በበሩ ስር ይገባና ቀኑን ሙሉ ከወረቀቶቹ ጋር ይውላል። ስለዚህ ያቺ ደሴት ዛሬም በሐሳቤ ስትመጣ ብስኩት ብስኩት ትሸተኛለች።

ካርታዎቹ ደሴቲቱ ራሷን ልታስተዳድር ጥቂት ዓመት ሲቀራት ከዚህ የሄዱ የመንግሥት ቀያሾች ያነሷቸው ናቸው። ያልያዙት ነገር የለም፤ ቤቱ፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ የኮኮናት ተክሉ፣ የእግር መንገዱ ሳይቀር በነጠብጣብ። ሊሄድ የተነሳ እንግዳ የባለቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ የሚመዘግበው ለምንድን ነው እያልኩ ውስጥ ውስጡን እናደዳለሁ። የስካነሩ ብርሃን በወረቀቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ግን ነጣ ያለው ሰማያዊ ባሕር ይበራል፤ ንዴቴም ይጠፋል። ጫማዬን አውልቄ ከኮረብታው እወርዳለሁ፤ አሸዋው ይሞቀኛል፤ አንድ የማላውቀው ሰው ከቤቱ ደጃፍ እጁን ያነሳልኛል። አለቃዬ ትከሻዬን ነካ ሲያደርገኝ ነው የምመለሰው።

በምኖርበት ሰፈር፣ ካምደን፣ ከኔ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት አሮጊት የዚያች ደሴት ልጅ ናቸው። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እላቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ስለ ሥራዬ ስነግራቸው የያዙትን የሻይ ኩባያ አስቀመጡ።

«የተወለድኩበትን ቤት ፈልጊልኝ» አሉኝ። «ልጄ ባለፈው ዓመት ሄዶ ነበር። ያገኘሁት ጫካ ነው፣ እዚያ ቤት ኖሮ አያውቅም፣ በሕልምሽ አይተሽው ይሆናል አለኝ።» ኩባያውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና፣ «አሁን አሁን እኔም ሕልም እየመሰለኝ ነው» አሉ።

አንጀቴን በሉት። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩት፤ ምስጢር ስላልሆነ ኮፒ ማድረግ እንደምችል ነገረኝ። የመንደራቸውን ካርታ አተምኩላቸው። በአውቶቡስ ስመለስ ዝናቡ በመስኮቱ ላይ ይወርዳል፤ ደሴቲቱ ጭኔ ላይ ተጠቅልላለች፤ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።

ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋነው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ምንም አልታያቸውም። እኔ ደግሞ የተማርኩትን ላሳይ ብዬ ሰሜኑን፣ ደቡቡን፣ የዳር ቁጥሩን ሳስረዳ ጭራሽ ግራ አጋባኋቸው። ጥፋቱ የኔ ነበር። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቤት በቁጥር ተፈልጎ አያውቅም፤ ወፍጮ ቤቱን እለፍ፣ ባሕር ዛፉ ጋ ስትደርስ ታጠፍ፣ ከዚያ ጠይቅ ነው።

«ካርታውን ይተዉት» አልኳቸው። «ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወደ ቤት በየት በኩል ነበር የሚሄዱት?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ትምህርት ቤቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ነው። ከዚያ ወደ ምንጩ እወርዳለሁ። ባልዲዬን እሞላለሁ። ከዚያ ባሕሩን በጀርባዬ አድርጌ ዳገቱን እወጣለሁ።»

እሳቸው ሲናገሩ እኔ ጣታቸውን ይዤ በወረቀቱ ላይ አስኬድኩት። ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ምንጩ አለ። ከምንጩ አንድ ቀጭን ነጠብጣብ ሽቅብ ይወጣና ባዶ ቦታ ላይ ያልቃል። ቤት የለም።

ቅስሜ ተሰበረ። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ፤ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ገልጠው ነጠብጣቡን እያዩ፣ «ካርታውን ያነሱት አውሮፕላኑ ሲዞር በነበረበት ዓመት ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ በአውሮፕላን ፎቶ ነው።»

«የዚያን ዓመት አውሎ ነፋስ ጣሪያችንን ወስዶት ነበር። የምናድረው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። አባቴ ግድግዳውን ሲጠግን የጭቃውን ውኃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ማታ፣ ለወራት።»

ያኔ ገባኝ። ቀያሾቹ ከሰማይ ሲያዩ ጣሪያ ያጡበትን ቤት አልሳሉትም። ሣሩ ተረግጦ የነጣውን መንገድ ግን አይተውታል።

«ታዲያ ወዴትም የማይደርስ መንገድ ማን ይረግጣል?» አልኳቸው።

ጣታቸውን ነጠብጣቡ ላይ አሳረፉ። «እኔ ነኛ» አሉ። «ይሄ የኔ እግር ነው። ሕልም አልነበረም።» እንባቸው ወረደ። እኔም ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ እርሳስ አምጪ አሉኝ። ወረቀቱን ወደኔ አዞሩት፤ የምስለው እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ እርሳስ ካርታ አጠገብ እንዳይደርስ ስጠብቅ የኖርኩት ሴትዮ፣ ነጠብጣቡ ያለቀበት ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳልኩ። ጎንበስ ብለው አዩት።

«በሩስ?» አሉኝ። «በባሕሩ በኩል ነበር።»

ላጲሱን አንስቼ መንገዱ የሚደርስበትን ጎን ከፈትኩላቸው።